እናትና አባት በግሪን ካርድ ሲመጡ ሜዲኬር መቼ ያገኛሉ?

ሜዲኬር የአሜሪካ መንግሥት በተለይ ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ ነው። «65 ዓመት የሞላው ሁሉ ሜዲኬር ያገኛል» የሚለው ወሬ በኛ ሰው ዘንድ ብዙ ጉዳት አድርሷል። አሜሪካ ውስጥ ሠርቶ ለጡረታ ለደረሰ ሰው እውነት ነው። ልጆቻቸው አመልክተውላቸው በ68 ዓመታቸው ከአዲስ አበባ ለሚመጡ እናት ግን አይሠራም።

የሆስፒታሉ ክፍል ፓርት ኤ ይባላል። ያለ ወርኃዊ ክፍያ የሚገኘው ታክስ እየተቆረጠ 40 ሩብ ዓመት፣ ማለትም 10 ዓመት ያህል ከተሠራ ነው። የልጅ ሥራ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ልጅ ሃያ ዓመት ታክስ ቢከፍል ለእናቱ አንድ ሩብ ዓመት አይቆጠርላትም። የትዳር ጓደኛ ሥራ ግን ይቆጠራል። አባት ቀድመው መጥተው 40ውን ከሞሉ፣ ዕድሜያቸው ቢያንስ 62 ከሆነና ጋብቻው አንድ ዓመት ካለፈው፣ 65 የሞላቸው እናት በአባት ሥራ ፓርት ኤን በነጻ ያገኛሉ። ብዙ ቤተሰብ ይህን መንገድ ሳይጠይቅ ያልፈዋል።

ሁለቱም ካልሠሩ የሚቀረው ኢንሹራንሱን መግዛት ነው፤ ለዚህ ግሪን ካርድ ይዞ 5 ዓመት ሳያቋርጡ አሜሪካ መኖር ያስፈልጋል። በኢሚግራንት ቪዛ ለገቡ ወላጆች መነሻው የገቡበት ቀን ነው፤ ግሪን ካርዱ ፊት ላይ «ሬዚደንት ሲንስ» በሚለው ሥር ተጽፏል። ኢትዮጵያ ሄዶ ከ6 ወር በላይ መቆየት «ሳያቋርጡ» የሚለውን ጥያቄ ውስጥ ያስገባል። የድሮ ፓስፖርቶችን አትጣሉ፤ የመግቢያና የመውጫው ማኅተም ማስረጃ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። 5ኛው ዓመት ሲሞላ የ7 ወር የመመዝገቢያ ጊዜ ይከፈታል፦ ከፊቱ 3 ወር፣ የሞላበት ወር፣ ከኋላው 3 ወር። ደብዳቤ መጥቶ አያስታውሳችሁም። ያመለጠው እስከሚቀጥለው ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 31 ያለው ምዝገባ ይጠብቃል፤ የፓርት ቢ፣ ማለትም የሐኪሙ ክፍል፣ ቅጣትም አለ። ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት ወርኃዊው ክፍያ በ10 በመቶ ይጨምራል፤ ፓርት ቢ እስካለ ድረስም አይነሳም። በ2025 ዋጋ ብናሰላው፣ ፓርት ቢ በወር 185 ዶላር ነበር፤ ሁለት ዓመት የዘገየ ሰው 37 ዶላር ተጨምሮበት 222 ይከፍል ነበር፣ በየወሩ።

ማመልከቻው የሚቀርበው ለሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ነው፤ በ1-800-772-1213 ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ። «አማርኛ» ብላችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ አይከፈልበትም። የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ እንዲያስተረጉም ማድረግ አያስፈልግም።

ዋጋው ላይ ሰው ይደነግጣል። ምንም ያልሠራ ሰው በ2025 ለፓርት ኤ በወር 518 ዶላር ይከፍል ነበር፤ ስለዚህ ብዙዎች የሐኪሙን ክፍል፣ ፓርት ቢን ብቻ ይገዛሉ። ይፈቀዳል፤ ግን የሚጎድለውን እወቁ። እናታችሁ ሆስፒታል ቢተኙ ፓርት ቢ ለሐኪሙ ሥራ ይከፍላል፤ የአልጋው፣ የነርሱና የምግቡ ሂሳብ ግን ቤታችሁ ይመጣል።

ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነ ወላጆች በየስቴቱ የሜዲኬይድ (ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው የሚሰጥ የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ቢሮ በኩል «ኪው ኤም ቢ» የሚባል ድጋፍ አለ። ብቁ ከሆኑ የፓርት ኤንም የፓርት ቢንም ወርኃዊ ክፍያ ይሸፍናል፤ የሐኪምና የሆስፒታል ድርሻቸውንም ጭምር። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያደናቅፈው ስፖንሰር የሆነው ልጅ ገቢ አብሮ መታየቱ ነው። ወላጅ ዜግነት ሲያገኙ ያ መሰናክል ስለሚነሳ፣ አንዴ ተከልክላችሁ ከሆነ ከዜግነት በኋላ እንደገና አመልክቱ።

እስከ 5 ዓመቱ ድረስ ግን ባዶ እጃቸውን አታስቀምጧቸው። «ማርኬትፕሌስ» በሚባለው በየስቴቱ የጤና ኢንሹራንስ ገበያ ለ65 ዓመት ሰውም ይሸጣል፤ በመጡ በ60 ቀን ውስጥ ካልተመዘገባችሁ ግን ዓመታዊው ምዝገባ እስኪከፈት መጠበቅ ሊኖርባችሁ ነው።

ሜዲኬር ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ወላጆች ለገና አገር ቤት ሲሄዱ የሚፈጠር ስህተት አለ። ሜዲኬር አዲስ አበባ ለሚደረግ ሕክምና አይከፍልም። «ታዲያ ለምን እንከፍላለን» ብለው ፓርት ቢን የሚያቋርጡ አሉ፤ ሲመለሱ የጃንዋሪውን ምዝገባ መጠበቅ አለባቸው፤ ሙሉ ዓመት ካለፈ ደግሞ ያ የ10 በመቶ ቅጣት ይጠብቃቸዋል። ክፍያው ከባንክ በራሱ እንዲቆረጥ አድርጋችሁ፣ ለጉዞው ለብቻው የጉዞ ኢንሹራንስ ግዙላቸው።