አምስት አኃዝ

ሐረር ተቀምጬ የጀጎልን በሮች እየሳልኩ መሸጥ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ወረቀትና ቀለም ገዛሁ፣ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈትኩ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሬን ለጠፍኩ፣ በእያንዳንዱ ሥዕል ጀርባ ስሜንና ስልኬን ጻፍኩ። እንዴት እንደጀመርኩ ለምትጠይቁኝ መልሱ ይኸው ነው። ዋጋ ስትተምኑ የቀለሙን ብቻ ሳይሆን የጉልበታችሁንም አስሉ፤ እኔ ሳላሰላ ሁለት ዓመት በኪሳራ ሠርቻለሁ።

ማንም ያላስጠነቀቀኝ ሌላ ነገር ነው።

አንድ ረቡዕ ምሽት ከድሮ የክፍል ጓደኛዬ መልእክት ደረሰኝ፦ «ልጄ የሥዕል ውድድር ላይ ናት፤ ድምፅ ስጪልኝ።» ሊንኩን ስነካው ስልክ ቁጥሬን ጠየቀኝ፤ ሰጠሁ። ከቴሌግራም ባለአምስት አኃዝ ኮድ መጣ፤ እሱንም ሰጠሁ። ኮዱን ያመጣው መልእክት ራሱ ለማንም እንዳልሰጥ ይነግረኝ ነበር። ጣቶቼ ቀይ ቀለም ስለነኩ በትንሿ ጣቴ እየገፋሁ ሳላነበው አለፍኩ። ለካ የጓደኛዬም አካውንት ቀድሞ ተወስዶባት ኖሯል።

ወዲያው «አዲስ መሣሪያ ገብቷል» የሚል ማሳወቂያ መጣ። የድምፅ መስጫው ጉዳይ መስሎኝ ተውኩት። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ቴሌግራም ላይ አዲስ የገባ መሣሪያ ነባሩን ወዲያው ማስወጣት አይችልም፤ 24 ሰዓት መቆየት አለበት። ሌባው ይህን ስለሚያውቅ ድምፁን አጥፍቶ ጠበቀ። እኔ በዚያ ጊዜ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ የመሣሪያዎቹን ዝርዝር ብከፍት ኖሮ በአንድ ንክኪ አባርረው ነበር። ሙሉ ቀን ተሰጥቶኝ በር ስስል ዋልኩ!

ሐሙስ ማታ ከገዛ አካውንቴ ተባረርኩ። ልመለስ ስል የማላውቀውን የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ከኮዱ በተጨማሪ የሚጠየቀውን ያን ሁለተኛ ቁልፍ እኔ ቀድሜ ማበጀት ሲገባኝ ሌባው አበጀው። ከዚያ በስሜ ለደንበኞቼ «ውድ ደንበኛችን፣ ቅድመ ክፍያ ለሚልኩ ልዩ ቅናሽ አለን» እያለ ጻፈ። አንድ የድሬዳዋ ደንበኛዬ 4,500 ብር ላከ።

ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። ተረኛው ቀና ሳይል «ገንዘብ የጠፋብሽ አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«አይደለሁም። የተወሰደብኝ ስሜ ነው።»

«እንግዲያው ገንዘቡን የላከው ሰው ይምጣ።»

ደንበኛዬ ሥራውን ትቶ፣ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ መጣ። «ገንዘቡን የላኩት ድሬዳዋ ሆነው ስለሆነ እዚያው ያመልክቱ» ተባለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለፈቃድ ሰብሮ መግባትን በራሱ ወንጀል እንደሚያደርገው፣ ብር ጠፋም አልጠፋም፣ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ያኔ ባውቅ ኖሮ ከዚያ ወንበር አልነሣም ነበር። 4,500 ብሩን ከኪሴ መለስኩ፤ በእኔ ስም ነዋ የተታለለው።

አዲስ አበባ ያሉ አንዲት እናት ግን አልተታለሉም። ያደጉበትን ቤት በር አዘውኝ ነበር። ሌባው ሲጽፍላቸው «ያዘዝኩሽ የትኛውን በር ነው?» ብለው ጠየቁት፤ ዝም አለ። ደወሉልኝ። «አንቺ ልጅ፣ አንቺ እኮ እማማ እንጂ ውድ ደንበኛችን ብለሽኝ አታውቂም» አሉኝ። እንደ ትልልቅ ሱቆች መጻፍ ባለመቻሌ ስንት ጊዜ አፍሬ ነበር። አለቀስኩ።

አሁን ሁለተኛው ቁልፍ አለኝ፤ ወረቀት ላይ ጽፌ ብሩሾቼ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ወረቀት ላይ አትጻፉ ይባላል፤ እኔ ጻፉ እላለሁ። ሌባዬ ስልኬ ውስጥ ገባ እንጂ ቤቴ አልገባም። የሥዕሉን ገንዘብ ከቤት ወጪ ለይቼ ሌላ ሒሳብ ከፍቼለታለሁ፤ ከባንክ ጋር የተያያዘውን ስልክ ቁጥርም ደንበኛ አያውቀውም። «ፊትሽንና ኑሮሽን ካላሳየሽ ማን ይገዛሻል?» ይሉኛል። እኔ ግን የልጄን ፎቶዎች በሙሉ ከቻናሌ አጠፋሁ። ገዢ ቀንሷል፣ እውነት ነው። አልመልሳቸውም።

የእማማ በር ባለፈው ሳምንት አለቀ። አረንጓዴ ነው፤ ከሥሩ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ ይታያል፤ እንዳላድሰው አደራ ብለውኝ ነበር። ጀርባው ላይ ስሜን ብቻ ጻፍኩና በአውቶቡስ ላክሁላቸው።