ቦራ ውሃ ነበር የጠማት

የዛሬ ዓመት ታኅሣሥ፣ የገና ጾም ሊፈታ ሳምንት ሲቀረው፣ ቦራ ወተቷን ቀነሰች። ላም ለሚያረባ ሰው ከዚህ የባሰ ጊዜ የለም። ጾሙን ሙሉ ወተትህን በወረደ ዋጋ ስትሰጥ ከርመህ፣ ልክ ገበያው ሊነቃ ሲል ላምህ ከ14 ሊትር ወደ 9 ትወርዳለች።

የምኖረው ሰንዳፋ ዳር ነው። የሚታለቡ ሦስት ክልስ ላሞች አሉኝ። ሀብታም አያደርጉም፣ ግን የልጆች ትምህርት ቤት ይከፍላሉ።

መጀመሪያ ሐኪም ጠራሁ። መርፌ ወጋት፣ ከፈልኩ፣ ለውጥ የለም። ከዚያ ፋጉሎ፣ ማለት የቅባት እህል ዘይቱ ተጨምቆ የሚቀረውን ተረፈ ምርት፣ ጨመርኩላት። ፋጉሎ ዛሬ ስንት እንደገባ የሚገዛ ያውቀዋል። አሁንም ያው ነው። እማዬ ደግሞ «ዓይን ገብቷት ነው፣ መንደሩ ሁሉ አሥራ አራት ሊትር፣ አሥራ አራት ሊትር ሲል አልነበር» ብላ ጸበል ረጨቻት። አሁን ሳስበው ሳቄ ይመጣል። ያንን ውሃ ጀርባዋ ላይ ከምንረጭ ብናጠጣት ይሻል ነበር።

በዚህ መሀል ነው አንዲት ልጅ ቦቲ ጫማ አድርጋ፣ ወረቀት ታቅፋ የመጣችው። የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ናት፤ ለመመረቂያ ጥናቷ ላም ያላቸውን ቤቶች ትዞራለች። እውነቱን ለመናገር ጠያቂ ሰልችቶኝ ነበር። ከሷ በፊት አራት ሰው መጥቶ ስንት ላም አለህ፣ ምን ታበላለህ፣ እስከ ስንተኛ ተምረሃል ብሎ ጽፎ ሄዷል። አንዱም ተመልሶ «ያገኘነው ይሄ ነው» አላለኝም። ስለዚህ ፊቴን አጥቁሬ ነው የተቀበልኳት።

እሷ ግን ወረቀቱን ሳትገልጥ ቀጥታ በረት ገባች። የቦራን እበት በጫማዋ ጫፍ ጫን አለችው። ተሰነጠቀ። ቀጠን ያለ ገንፎ መምሰል የነበረበት እበት የአህያ ፋንድያ ሆኗል። እኔ እኮ በየቀኑ በአካፋ የምዝቀው ነው፣ አንድ ቀን ልብ ብዬው አላውቅም።

«ጋሼ፣ በቀን ስንት ውሃ ትጠጣለች?»

«ጠዋት ሁለት ባልዲ፣ ማታ ሁለት ባልዲ።»

«በመሀልስ?»

በመሀልማ ምን አለ! ባልዲዬ አሥር ሊትር ነው። አርባ ሊትር ማለት ነው። ከወተት ውስጥ ከመቶ 87 እጁ ውሃ ነው፤ ብዙ የምትታለብ ላም በቀን እስከ 100 ሊትር ልትጠጣ ትችላለች። ክረምት ላይ አርባው ይበቃት የነበረው እርጥብ ሣር ስለምትበላ ነው፣ ሣሩ ራሱ ውሃ ነው። ታኅሣሥ ሲመጣ ወደ ድርቆሽ አዞርኳት፤ ባልዲው ግን ያው አራት ነው። ፋጉሎ ስጨምርላት ደግሞ ጭራሽ ጥሟን አባባስኩት። በገንዘቤ።

ለምን አርባ ሊትር ብቻ ካላችሁ፣ ውሃ የለማ። ቧንቧችን በሳምንት ሁለቴ ከመጣ ደግ ነው። የቀረውን በአህያ ጋሪ፣ በጀሪካን ነው የምንገዛው። የአዲስ አበባን ሕዝብ የሚያጠጣው የለገዳዲ ግድብ ግን እዚሁ አጠገባችን ተኝቷል። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

የዚያን ሳምንት አንድ በርሜል ለሁለት አስቆርጬ፣ አጥቤ፣ በረት ውስጥ አቆምኩት። ቀኑን ሙሉ ውሃ አይጠፋበትም። ቦራ መጀመሪያ ያገኘችው ቀን አፏን እስከ አፍንጫዋ ድረስ ነክራ ሳትተነፍስ ስትስበው ቆሜ አየሁ። አፈርኩ። በአሥረኛው ቀን አካባቢ 13 ሊትር ገባች። 14ቱ አልተመለሰም፣ አልዋሽም። ለጋሪው የምከፍለው ጨምሯል፤ ግን ከመርፌውና ከፋጉሎው ይረክሳል።

ልጅቷ በዚህ አላቆመችም፤ የመኖ ቤቱን አሳየኝ አለች። ቆርቆሮው ያፈሳል። ፋጉሎው ጆንያ ውስጥ እንዳለ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ከሥሩ አመድማ ሻጋታ ይዟል። እኔ የሻገተውን አራግፌ እሰጣቸው ነበር። እንደ ዳቦ። ጉዱ ያለው እዚህ ነው። እርጥበት ባገኘ መኖ ላይ የሚበቅል አንድ ዓይነት ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ይሠራል፤ ላሚቱ ስትበላው ተለውጦ ወተቷ ውስጥ ይገባል። ብታፈላውም አይጠፋም። ማፍላት ባክቴሪያ ይገድላል፣ ይሄን ግን አይነካውም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ 110 የወተት ናሙና ተወስዶ ሲመረመር፣ አውሮፓ ለዚህ መርዝ በወተት ውስጥ ያስቀመጠውን ልክ ያላለፈው 9 ብቻ ነበር፤ ዋናው ተጠርጣሪ ደግሞ የኑግ ፋጉሎ። ይሄ ጥናት ከታተመ ዓመታት አልፈዋል። እኔ የሰማሁት በረቴ ውስጥ ቆሜ፣ በአጋጣሚ፣ ከአንዲት ተማሪ አፍ ነው።

ምርምር አይጠቅምም እያልኩ አይደለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን ከብቱን የጨረሰው «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ ነው፤ ገበሬው የሚጠምደው በሬ አጣ፣ ከዚያ ሰውም አለቀ። ያ በሽታ በሰኔ 2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከምድር የጠፋ ሁለተኛው መሆኑ ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱም ይመረት ነበር። ግን ያ ክትባት ወረቀት ላይ አልቀረም፤ ሰው ተሸክሞት በየመንደሩ ዞሮ ነው በሽታው የጠፋው። ስለ ፋጉሎና ስለ ባልዲ የሚያውቁትስ ምናለ እንዲሁ ቢዞሩ?

ልጅቷ ተመርቃለች። ደውላ ነገረችኝ፣ ቦራንም ጠየቀችልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ መኖ ልገዛ ሄጄ፣ የፋጉሎውን ጆንያ አስፈትቼ እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ። መሀሉ ሞቅ፣ ረጠብ ይላል።

«ይሄ እርጥብ ነው» አልኩት ነጋዴውን።

«ጋሼ ደግሞ! የምትበላው ላም ናት፣ አንተ አይደለህ!»

ሌላ ጆንያ አስፈታሁት።