የቅሬው መዝገብ

ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ የግቢያችንን በር ውጦታል፣ ባለቤቴና ልጄ ተኝተዋል፣ እኔ ግን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እስቲ ይሄን የሁለት ሳምንት ጉድ ልጻፈው ብዬ ቁጭ አልኩ። የምጽፈው በስልክ ነው፣ ላፕቶፕ የለኝም፣ ማለቴ አለኝ ግን ሆዱ ባዶ ነው።

የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ነኝ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ ነው የምንለው። 143 አባወራና እማወራ ነን፣ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ድንኳን ነው የሚቀበረውም የሚያስቀብረውም። ድሮ መዝገባችን ያ ወፍራሙ ጥቁር ደብተር ነበር፣ በ2014 ጥቅምት ላይ ከደሴ ስንወጣ ዳኛችን ቤት ቁምሳጥን ውስጥ ቀረ፣ ኅዳር መጨረሻ ከተመለስን በኋላ ደብተሩን ስንፈልግ ግማሹ ግቢው ውስጥ ተበትኖ ዝናብና ጤዛ አቡክቶታል፣ ግማሹን ማን ለምን እንደወሰደው አይታወቅም፣ ለማገዶ ይሆናል። ያኔ ተነስቼ ያወራሁት ዛሬም ያሳፍረኛል። «ወረቀት እሳት ይበላዋል፣ ውሃ ይበላዋል፣ ምስጥ ይበላዋል፣ ከዚህ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ይሁን» አልኩ። ዳኛችን ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «መብራት ሲሄድሳ?» አሉኝ። «ላፕቶፕ እኮ ባትሪ አለው አባባ!» ስል ሰው ሳቀ፣ እኔም ሊቅ የሆንኩ መሰለኝ።

ባትሪው ከሞተ አንድ ዓመት አልፎታል። ይሄን ለቅሬው አልተናገርኩም።

የዛሬ ሁለት ሳምንት ማክሰኞ ማታ የሐምሌን ክፍያ ልመዘግብ ኤክሴሉን ከፍቻለሁ፣ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፣ መብራቱ ሄደ፣ መጣ፣ ሄደ፣ ደግሞ መጣ፣ ላፕቶፑም አብሮት ጠፋ በራ ጠፋ በራ። በመጨረሻ ስከፍተው ጥቁር ስክሪንና አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ። ጆሮዬን ኪቦርዱ ላይ አስጠጋሁ። ቀጭ። ዝም። ቀጭ። ሰው በጭንቀት ጥፍሩን በጥፍሩ ሲመታ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። እኔ ደግሞ ሞኙ ምን ባደርግ ጥሩ ነው፣ ምናልባት ይነሳ እንደሆን ብዬ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ድረስ እያጠፋሁ ሳበራ አደርኩ፣ አሁን ሲገባኝ በራሴ እጅ እየገደልኩት ነበር።

ግን ያን ያህልም አልደነገጥኩም ነበር፣ ፍላሽ ላይ ኮፒ አለኝ ብዬ። በማግስቱ መስሪያ ቤት ሄጄ ፍላሹን ሰካሁ፣ «ቅሬ 2017» የሚለው አለ፣ ከፈትኩት፣ ፋይሉ አልተገኘም አለኝ። ለካ ኮፒ ያደረግኩት ፋይሉን ሳይሆን ዴስክቶፕ ላይ ያለውን ሾርትከት ነው። ያችን ትንሽዬ ቀስት ያላት ምስል! መጠኑ 1 ኪሎባይት። ለስንት ወር ኪሴ ይዤው ስዞር የነበረው የመንገድ ጠቋሚ ነው እንጂ ዕቃው አይደለም፣ ወይ ጉድ።

ከዛ ምክር በምክር ሆንኩ። አንዱ ጓደኛዬ በፌስታል ጠቅልለህ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው አለኝ። ሌላው ካቻቢቴ ይዞ ሃርዱን፣ ፋይሉ ሁሉ የሚቀመጥበትን ዲስክ ማለት ነው፣ እንክፈተውና ማንበቢያ ጭንቅላቱን ገፋ እናድርገው አለ፣ ብሎኖቹ ኮከብ ቅርጽ ሆነው ካቻቢቴው አልገባ ሲለው ነው የተረፍኩት። ፒያሳ የወሰድኩበት ሱቅ ደግሞ ልጁ ሃርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ ዊንዶውሱ ዲስኩን ፎርማት አድርግ የሚል ጥያቄ ሲያወጣለት ማውሱን አስጠግቶ «ፎርማት አድርገነው በሶፍትዌር እንመልሰዋለን፣ ሁሌም እንደዛ ነው የምንሰራው» ሲል እጁን ያዝኩት። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም ነበር፣ በቃ ቃሉ አስፈራኝ። በኋላ ነው የሰማሁት፣ ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ሙሉ ፎርማት ከተደረገ ዲስኩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ዜሮ ነው የሚጻፍበት፣ ከዛ በኋላ ሶፍትዌርም ጠንቋይም አይመልሰውም።

የሥራ ባልደረባዬ ኮምቦልቻ ከተበላሸ ሃርድ ፋይል የሚያወጣ አንድ ልጅ አለ አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት ሃርዱን በልጄ የሕፃንነት ፎጣ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሹፌሩ እያንዳንዷን ኩርባ ሲቆርጣት እኔ ሁለት እጄን እንደ እንቁላል ፎጣው ላይ አድርጌ፣ አጠገቤ ያሉት እትዬ «ምንድነው የኔ ልጅ፣ ጫጩት ነው?» አሉኝ። የሰው አደራ ነው አልኳቸው። አልዋሸሁም። መንገዱ ሲያልቅ እንደተለመደው ጆሮዬ ድፍን አለ፣ ምራቄን ስውጥ ተከፈተልኝ።

ልጁ ከ25 አይበልጥም፣ የሱቁ ስፋት ሁለት ሰው ቢገባበት ሦስተኛው ውጭ ነው የሚቆም፣ ሙቀቱም ለኛ ለደሴዎች ሌላ አገር ነው። ሃርዱን ተቀበለኝና ሳይሰካው መጀመሪያ ገልብጦ አየው። አንዲት የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ አሳየኝ፣ አጠገቧ አትድፈኑ የሚል ጽሑፍ አለ። «ጋሼ ይቺ መተንፈሻው ናት» አለኝ። ውስጡ ያለው ሳህን በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል፣ ማንበቢያ ጭንቅላቷ ሳህኑን አትነካውም፣ በሚዞረው አየር ላይ ተንሳፋ ነው የምታነበው፣ በመሃላቸው ያለው ክፍተት ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው፣ የሰው ጸጉር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ50,000 ናኖሜትር በላይ ይወፍራል። ስለዚህ ጓደኛዬ በካቻቢቴ ከፍቶት ቢሆን አንዲት የአቧራ ብናኝ ለጭንቅላቷ ቋጥኝ ነበረች። ፍሪዘሩም ቢሆን ከውስጥ ሲወጣ ሳህኑ ላይ ላብ ያመጣበታል አለኝ። አብዛኛው ሃርድ ዲስክ እስከ 3,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ድረስ እንዲሠራ ነው የሚፈበረከው፣ አየሩ ከዛ በላይ ከሳሳ ጭንቅላቷን አይሸከማትም፣ ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ብትሆንም ገና ከወሰኑ በታች ናት። ለካ ሐረጎን ስንወርድ እኔ ጆሮዬ ሲደፈን እሱም በዛች ቀዳዳ አየር እየሳበ ነበር። ይሄን ሳስብ ሃርዱ ትንሽ አሳዘነኝ።

ከዛ ሊኑክስ በሚባለው፣ በዊንዶውስ ፈንታ በሚሠራበት ሲስተም ከፍቶ የጤና ምርመራውን አየ፣ ስማርት የሚሉት ነገር አለ፣ ሃርዱ ስለራሱ የሚይዘው የሕመም ካርድ በለው። ማንበብ አቅቶት በይጠና የያዘው ሴክተር፣ ዳታው ተከፋፍሎ የሚቀመጥበት ትንንሽ ክፍል ማለት ነው፣ ከሺህ በላይ ሆኗል። «ጭንቅላቷ ደክማለች እንጂ አልሞተችም፣ አብሽር ጋሼ» አለኝና «ምን ይቅደምልህ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ቅሬ የሚል ኤክሴል» አልኩ ወዲያው።

ሳልጨርስ ስልኬ ጮኸ፣ ባለቤቴ ናት፣ እኔም ተንከርፍፌ ስፒከር ላይ አደረግኳት። «የልጁን ፎቶ መጀመሪያ ያውጣ በለው፣ የተወለደ ጊዜ ያለውን» አለች። ቅሬው አልኩ። «ቅሬውን ሰው ያስታውሰዋል፣ ልጁ ግን ተመልሶ አይወለድ!» አለችና ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። የሱቁ ልጅ አንገቱን ደፍቶ እየሳቀ «ጋሼ አትጣሉ፣ በኔ አሠራር ምርጫ የለም፣ ሃርዱ ላይ ቅሬም ልጅም የለም፣ ሴክተር ነው ያለው» አለ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ዲዲሬስኪው የሚባል ፕሮግራም ሃርዱን ሙሉውን ወደ ሌላ ጤነኛ ሃርድ ይገለብጠዋል፣ መጀመሪያ በቀላሉ የሚነበበውን ጠራርጎ ይወስዳል፣ ያስቸገረውን እየዘለለ ያልፋል፣ በመጨረሻ ተመልሶ ችኮዎቹን አንድ በአንድ ይለምናል። የታመመው ሃርድ ላይ ምንም ነገር አይጻፍበትም፣ ፍለጋው ሁሉ የሚካሄደው በግልባጩ ላይ ነው። እኔን የገረመኝ ግን መብራት ሲሄድስ ብዬ ስጠይቀው የነገረኝ ነው፣ (የዳኛችንን ጥያቄ መሆኑ ነው እንግዲህ!) የት ድረስ እንዳነበበ በትንሽ ፋይል ላይ እያሰፈረ ስለሚሄድ መብራት ሄዶ ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። እኔ ያላደረግኩትን ነው የሚያደርገው።

አራት ቀን ፈጀ። ከ500 ጊጋው አብዛኛው በመጀመሪያው ቀንና ሌሊት ወጣ፣ የቀረው ሦስቱን ቀን ፈጀ፣ ማክሰኞ ሥራ ውዬ ብቅ ስል ስክሪኑ ላይ ያለችው የፍጥነት ቁጥር እንደ ሽማግሌ ደረጃ አንዴ ትወጣለች አንዴ ትቆማለች።

በመሃል እሁድ የቅሬ ስብሰባ ነበር። ተነስቼ ተናገርኩ፣ መዝገቡ የለም፣ እየተሞከረ ነው አልኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። የሚሳደብ ቢኖር ይሻለኝ ነበር። ዳኛችን ከጋቢያቸው ስር አንድ ሃምሳ ሉክ ደብተር አወጡ፣ አዲስ ነው፣ ዋጋው እንኳ ከጀርባው አልተላጠም፣ ለአንድ ወጣት ሰጡትና «በሉ እንግዲህ ሁሉም ያለበትን በአፉ ይናገር፣ መሐላ አያስፈልግም፣ ነገ ሞት አለ» አሉ። ሁለት ወር አለብኝ፣ ምንም የለብኝም፣ የአንድ ቀብር ቅጣት አለብኝ፣ እየተባለ ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ «ሙሉ ነኝ» አልኩ። ማን ይጠራጠራል፣ በየወሩ ሰው በር እያንኳኳሁ የምቀጣ እኔ።

ረቡዕ ከሥራ ወጥቼ ግልባጩን ተቀበልኩ። የፋይሎቹ ማውጫ ያለበት ቦታ ስለተጎዳ አንዳንዱ ከነፎልደሩ ወጥቷል፣ ሌላው ደግሞ ፎቶሬክ በሚባለው ተለቅሞ ነው የወጣው፣ ያ ፕሮግራም የፋይሉን መልክ ነው የሚያውቀው እንጂ ስሙን አያውቅም። ስማቸው ሁሉ ኤፍ ብሎ ቁጥር ብቻ። በተዋስኩት ላፕቶፕ አንድ ሳምንት ሙሉ ማታ ማታ ስከፍት ስዘጋ ሰነበትኩ። ለገና በግ የገዛሁ ቀን ያነሳሁት በግ ቀጥሎ የውሃ ቢል፣ ቀጥሎ ጥፍር የምታክል የማላውቀው ማስታወቂያ፣ ቀጥሎ ልጄ ሦስት ቀኑ እያለ። ያቺን ፎቶ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት፣ ከላይ ግንባሩና ዓይኖቹ አሉ፣ ከአፍንጫው በታች ያለው ሁሉ ግራጫ ሆኗል፣ የቀረው አልተነበበም። በጣቷ ግራጫውን ነካ ነካ አደረገችና «አገጩ እኮ የአባቴ ነበር» ብላ ሄዳ ተኛች። ሌሎች የዛን ቀን ፎቶዎች በደህና ወጥተዋል፣ ግን እሷ ያቺኛዋን ነው የምትጠይቀኝ።

ኤክሴሎቹ 61 ነበሩ። ያው አንዱ መዝገብ ነው፣ በየጊዜው ሴቭ ሲደረግ የተተወ አሮጌ ቅጂ ሁሉ ተለቅሞ፣ እኔ ጥርን ስከፍት ጥቅምት ይመጣል፣ አንዳንዱ ተበላሽቷል ልጠግነው ወይ ይለኛል። ሰኔ ድረስ ያለውን ያገኘሁት ትናንት ማታ ነው። ደስታዬ አይነገርም፣ ሃምሳ ሉኩን ከዳኛችን ተቀብዬ ሰው በአፉ ካለው ጋር መስመር በመስመር አመሳከርኩ። ከሁለት ሰው በቀር ሁሉም እንዳለው ነው፣ ሁለቱም የተሳሳቱት በራሳቸው ላይ ነው፣ አንድ አንድ ወር ጨምረው።

87ኛው መስመር ላይ የራሴ ስም አለ። ሚያዝያ ባዶ፣ ግንቦት ባዶ፣ ሰኔ ባዶ። ሌላ ቅጂ ከፈትኩ፣ ያው። ፋይሉ ተበላሽቶ ነው ልል ፈለግኩ፣ ግን ከላይም ከታችም ያለው ሰው ሙሉ ነው፣ መጥፎ ሴክተር ደግሞ ሰው መርጦ አይመታም። ትዝ አለኝ፣ ሚያዝያ ላይ በኋላ እከፍላለሁ ብዬ ነው የዘለልኩት፣ ከዛ ጸሐፊውን ማን ይጠይቀዋል።

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ዳኛችን ቤት ገባሁ። ቡና ላይ ነበሩ። «አባባ፣ ሦስት ወር አለብኝ» አልኳቸው፣ በወር 50፣ 150 ብር ቆጥሬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ብሩን አላዩትም። «ቅጣቱሳ?» አሉኝ። ሠላሳ ብር ጨመርኩ። ከዛ ሃምሳ ሉኩን ከትራሳቸው ስር አውጥተው፣ ሙሉ ነኝ ያልኩበትን ገጽ ፈልገው ገለጡና እስክሪብቶውን አቀበሉኝ።

«ቀኑንም አድርግበት» አሉ።