ለሲትዝንሺፕ ፈተና እንዴት እንዳጠናሁ

ዋሽንግተን ዲሲ መሃል አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ነው የምሠራው። ለአሜሪካ ዜግነት (ሲትዝንሺፕ) ፈተናም አብዛኛውን ያጠናሁት እዚያው፣ ማታ ማታ መኪናው ጋብ ሲል ነው። ያኔ ከታወቁት 100 ጥያቄዎች እስከ 10 ይጠየቅና 6 የመለሰ ያልፍ ነበር። ሽምደዳ ይበቃል ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ይበቃል። እኔ ግን ምክንያቱን የማላውቀው ዓመተ ምሕረት አያድርልኝም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ መልስ ሥር "ማን ከማን ተጣላ?" ብዬ እየጻፍኩ ማጥናት ጀመርኩ።

መግቢያውን ያገኘሁት ከመኪና ታርጋ ላይ ነው። የዲሲ ታርጋ ውክልና የሌለበት ግብር ይብቃ ይላል። ስንቱን አቁሜያለሁ! ነገሩ የ1760ዎቹ ጩኸት ነው። የእንግሊዝ ፓርላማ፣ አንድም ተወካይ ያላስገቡትን የአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች በጋዜጣው፣ በውል ወረቀቱ፣ በኋላም በሻይው ቀረጥ ጣለባቸው። ጠቡ እየከረረ ሄዶ ጦርነት ሆነ፣ በ1776 ነፃነታቸውን አወጁ። ዲሲ ደግሞ ዛሬም ግብር እየከፈለች ኮንግረስ ውስጥ ድምፅ የሚሰጥ ተወካይ የላትም።

ከሁሉም የሳበኝ ከነፃነቱ በኋላ ያለው ነው። ንጉሥ ያስመረራቸው ሰዎች የመጀመሪያውን ማዕከላዊ መንግሥት ሆን ብለው ደካማ አደረጉት። ኮንግረሱ ግብር መሰብሰብ እንኳ አይችልም ነበር። በ1786 ማሳቹሴትስ ውስጥ ዕዳ ያጎበጣቸው ገበሬዎች ፍርድ ቤት እየዘጉ ሲያምፁ፣ ማዕከሉ ጦር የሚያዘምትበት ገንዘብ አልነበረውም። በማግስቱ ዓመት በጋ 55 ሰዎች ፊላደልፊያ ገቡ፤ ሕገ መንግሥቱ የተጻፈው እዚያ ነው። መስኮት ዘግተው፣ ወሬ እንዳይወጣ ተማምለው ተከራከሩ። ትልልቆቹ ግዛቶች ወንበር በሕዝብ ብዛት ይሁን አሉ፣ ትንንሾቹ እኩል ይሁን አሉ። ሁለት ምክር ቤት የመጣው ከዚህ ነው፤ አንዱ በሕዝብ ቁጥር፣ ሴኔቱ ደግሞ ለየግዛቱ ሁለት ሁለት። ይህን ካወቅኩ በኋላ 435 (የመጀመሪያው ምክር ቤት ወንበር) እና 100 (የሴኔቱ) የሚሉት ቁጥሮች ተምታተውብኝ አያውቁም።

ቆሻሻውም እዚያው አለ። ባርያ የተደረጉት ጥቁሮች ለወንበር ቆጠራ ከአምስቱ ሦስቱ ብቻ እንዲቆጠሩ ተስማሙ፤ ድምፅ ግን የላቸውም። ጥቅሙ ለጌቶቻቸው ነው። ባርነት የተሻረው በ1865፣ በሕገ መንግሥቱ 13ኛው ማሻሻያ ነው።

ከ55ቱ አንዱ፣ የቨርጂኒያው ጆርጅ ሜሰን፣ ሕገ መንግሥቱ የመብት ዝርዝር የለበትም ብሎ አልፈርምም አለ። 39 ሰዎች ፈረሙ፣ እሱ እንዳለ ቀረ። ራሱ ባሪያ አሳዳሪ ስለነበር ጻድቅ አላደርገውም፤ ግን በ1791 የጸደቁት 10 ማሻሻያዎች የእሱና የመሰሎቹ ጭቅጭቅ ውጤት ናቸው።

ለኛ ሰው የሚያስቸግረው አንድ ነገር አለ። አገር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሰይመው ፓርላማው ነው። እዚህ ፕሬዚዳንቱ ከኮንግረስ አይወጣም፤ ምርጫው ለብቻ ነው። ኮንግረስ ያወጣውን ሕግ ሊመልስ ይችላል፣ እነሱም በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይሽሩታል፣ ፍርድ ቤቱ ደግሞ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ካለ ሁለቱንም ያስቆማል። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጋሼ፣ "ታዲያ መጨረሻ ላይ አዛዡ ማነው?" ይሉኛል። የለም ስላቸው አያምኑኝም።

አንድ ቀን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሄድኩ፣ በነፃ ነው። የነፃነት አዋጁ ቀለሙ ለቆ ሊነበብ ምንም አልቀረው። ሕገ መንግሥቱ ግን ጎላ ብሎ ይታያል፤ አራት ገጽ ብቻ ነው! የእኛ ፓርኪንግ የኪራይ ውል ይበልጠዋል።

ኢንተርቪው ላይ ኦፊሰሯ የግዛትህን ሴናተር ጥራ አለችኝ። "ዲሲ ሴናተር የላትም" አልኳት። ትክክለኛው መልስ ይኸው ነው። ስድስት ሲሞላ ጥያቄውን አቆመች።

ጋሼ ዕድሜያቸው ከ55 በላይ፣ ግሪን ካርዳቸውም ከ15 ዓመት በላይ ስለሆነ በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ መፈተን ይችላሉ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ እንግሊዝኛውን ፈርቶ ይቀመጣል። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ላመለከተ ደግሞ ጥያቄው 128 ሆኗል፤ 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለበት። ጋሼ አሁን ዳንኤል ሻይስ ላይ ደርሰዋል፣ የማሳቹሴትሱ ዓመፅ መሪ ላይ። ልባቸው ከገበሬዎቹ ጋር ነው።