የጠፈር ልብስ ጋቢ አይደለም

አምና ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ስለ ጠፈር ልብስ ሳስተምር «ጠፈር በጣም ይቀዘቅዛል፣ ልብሱ ጠፈርተኞቹን ያሞቃቸዋል» ብዬ ጀመርኩ። ሥዕሉን ሰሌዳ ላይ ሣልኩ፣ የልብሱን ክፍሎች ስም ጻፍኩ፣ ሁሉም ገለበጡ። በሳምንቱ ፈተና ሰጥቼ ሳርም መልሱ ተመሳሳይ ነበር፦ እንደ ወፍራም ጋቢ ነው። ልጆቹ አልተሳሳቱም። የነገርኳቸውን ነው የመለሱልኝ።

ዘንድሮ ልብሱን ለጊዜው ተውኩትና ከሰውነት ጀመርኩ። «ያለ ልብስ ብንወጣ መጀመሪያ የሚጎዳን ምንድን ነው?» አልኳቸው። ብርድ አሉ፣ አየር ማጣት አሉ። ግፊት ያለ አልነበረም።

ከመድኃኒት ቤት 20 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ሲሪንጅ ያለ መርፌው ገዝቼ ነበር። ከፔርሙስ እጅ የማያቃጥል ሞቅ ያለ ውሃ ቀዳሁ፣ ሲሪንጁን እስከ ሩቡ ሞላሁ፣ አየሩን ገፍቼ አስወጣሁና ጫፉን በአውራ ጣቴ ደፈንኩ። አንዱን ልጅ «በል ሳበው» አልኩት። ባለ በሌለ ኃይሉ ሳበው። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ አለ።

«ቲቸር፣ ፈላ!»

«እስቲ ንካው።» ነካው። ያው ለብ ያለ ውሃ ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ።

ከዚያ በኋላ ማስረዳት ቀለለኝ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃም ቶሎ ይፈላል። 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንደርስ በ37 ዲግሪ፣ ማለትም በገዛ ሰውነታችን ሙቀት ይፈላል። በ1966 እ.ኤ.አ. ሂዩስተን ውስጥ አየሩ በተመጠጠ ክፍል የጠፈር ልብስ ይሞክር የነበረ ጂም ለብላንክ የተባለ ቴክኒሻን የልብሱ ቱቦ ተነቀለበት። ራሱን ከመሳቱ በፊት መጨረሻ ላይ የሚያስታውሰው ምላሱ ላይ ያለው ምራቅ ሲፈላ ነው። በፍጥነት አየር ስለለቀቁለት ተረፈ። ይህን ስነግራቸው የክፍሉ ልጅ ሁሉ ምላሱን አወጣ።

ስለዚህ የልብሱ አንደኛ ሥራ ግፊት ተሸክሞ መውጣት ነው። ግን ግፊቱ ራሱ ችግር ያመጣል። የሐኪም ጓንት ነፍቼ አሰርኩና «ጣቱን አጥፉት» አልኳቸው። ያጥፉታል፣ ሲለቁት ተመልሶ ቀጥ ይላል። በ1965 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ከመንኮራኩር ውጭ የተንሳፈፈው ሶቪየታዊው አሌክሲ ሊዮኖቭ የገጠመው ይኸው ነው። ልብሱ ስለተነፋበት መመለስ አቃተው፤ አየር ቀንሶ ነው የገባው። ዛሬ አሜሪካኖቹ በጠፈር ጣቢያው የሚለብሱት ልብስ ንጹህ ኦክስጅን የሚሞላው ለዚህም ጭምር ነው። ንጹህ ከሆነ በባሕር ወለል ካለው ግፊት አንድ ሦስተኛው እንኳ ሳይሞላ ለመተንፈስ ይበቃል፤ ግፊቱ ሲያንስ ደግሞ ልብሱ ለመታጠፍ ይቀላል።

«ቲቸር፣ ብርዱስ?» አለችኝ አንዷ። ፔርሙሱን አነሳሁ። በሁለቱ መስታወቶች መካከል ያለው አየር ተመጥጦ ስለወጣ ሙቀት መተላለፊያ ያጣል። ጠፈርም ባዶ ነው። በልብስ ተጠቅልሎ የሚሠራ ሰው ማለት ፔርሙስ ውስጥ ያለ ሻይ ነው፤ ሙቀቱ በቀላሉ አይወጣም። ለዚህ ነው ጠፈርተኞች ከሥር 90 ሜትር ገደማ ቀጭን ቱቦ የተሰፋበት ልብስ የሚለብሱት። በቱቦው ቀዝቃዛ ውሃ ይዞርበታል። እኛም የጉሉኮስ ቱቦ በአንድ ልጅ ክንድ ላይ ጠምጥመን ከጀሪካን ውሃ አሳለፍንበት። ክንዱ ቀዘቀዘ። አምና ጋቢ ያልኩት ነገር ዘንድሮ ማቀዝቀዣ ሆነ።

ያልተሳካልኝም አለ። ለስድሳ ተማሪ አንድ ሲሪንጅ! ከኋላ የተቀመጡት ጓደኞቻቸው ሲጮኹ ከመስማት በቀር ምንም አላዩም። በማግስቱ አሥር ገዝቼ በቡድን ደገምነው። ዋጋው ኪስ አይጎዳም፣ ከመጀመሪያውም እንደዚያ ማድረግ ነበረብኝ። አንድ ክፍለ ጊዜም አይበቃም። ግፊትን ለብቻ፣ ሙቀትን ለብቻ ማስተማር ይሻላል።

ልትወጣ ስትል ያቺው ልጅ «ማን ነው የሚሰፋው?» አለችኝ። ጨረቃ ላይ የተለበሱትን የሰፉት አሜሪካ ውስጥ ዴላዌር ግዛት፣ ዶቨር ከተማ ያሉ ሴት ልብስ ሰፊዎች መሆናቸውን ነገርኳት። ስፌቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ እንዲስት አይፈቀድላቸውም ነበር። እናቷ ልብስ ሰፊ ናት።

ሰኞ የአቡጀዲ ጓንት ይዛ መጣች። የሐኪሙን ጓንት ከውስጥ አስገባንና ነፋነው። ጨርቁ ያዘው፣ እንደ በፊቱ አላበጠም። እውነተኛው የጠፈር ልብስም እንዲሁ ነው፦ ከውስጥ አየር የሚይዝ፣ ከላይ መነፋቱን የሚገታ። ጣቱ ግን አሁንም አልታጠፍ አለ። ትንሽ አገላብጣ አየችውና «እናቴ እዚህ መጋጠሚያው ላይ ብትሸበሽበውስ?» አለች። ጓንቱን ለእናቷ መልሳ ወስዳለች።