በአደራ የተሰጠ ሕይወት

የሌላ ሰው የሕይወት ታሪክ ስጽፍ ከሁሉ የሚከብደኝ መረጃ መሰብሰቡ ሳይሆን የምተወውን መምረጡ ነው። ባለታሪኩ ሰባ ዓመት የኖረውን እኔ በጥቂት መቶ ገጾች እከትተዋለሁና ከምጽፈው ይልቅ የማስቀረው ይበዛል።

የጥንቱ ግሪካዊ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ፕሉታርክ የታላቁን እስክንድር ሕይወት ሲጀምር፣ የሰውን ጠባይ ብዙ ሺህ ሰው ካለቀበት ጦርነት ይልቅ አንዲት ቃል ወይም ቀልድ አብልጣ እንደምትገልጥ ተናግሯል። ይህ እውነት መሆኑ የገባኝ የቀዳሁትን ድምፅ ወደ ጽሑፍ ስገለብጥ ነው። አንድ አዛውንት ታናሽ ወንድማቸው እንዴት እንደሞተ ጠይቄያቸው ነበር፤ መልሳቸው ወረቀት ላይ ሲሰፍር «በዚያው ዓመት ሞተ» የምትል ብቻ ናት። ድምፁ ላይ ግን ከመልሱ በፊት የአርባ ሰከንድ ዝምታ አለ፤ በዝምታው ውስጥም የመነጽራቸውን እጀታ ሲያጥፉና ሲዘረጉ ቀጭን ሲጢጥታ ይሰማል። «በሐዘን ተውጠው» ብዬ ብጽፍ ያልነገሩኝን ስሜት እጭንባቸዋለሁ፤ ዝምታውን ብዘለው ደግሞ ከነገሩኝ ሁሉ ከባዱን እጥላለሁ። ስለዚህ ሰከንዱንና መነጽሩን ብቻ ጻፍኩ። ረቂቁን ሳነብላቸው «አዎ፣ እንዲሁ ነበር» አሉኝ።

ሌላ ምዕራፍ ላይ ስደርስ ግን እጃቸውን አነሡና «ልጄ፣ ይቺን ተዋት፤ እኅቴ በሕይወት አለች» አሉኝ። ምን እንደነበረ እዚህም አልጽፈውም። ለታሪኩ እጅግ አስፈላጊ ስለነበረ ብዙ ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ስኮትላንዳዊው ጸሐፊ ጄምስ ቦዝዌል እንግሊዛዊውን ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰንን ያወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1763 ሲሆን የሕይወት ታሪኩን ያሳተመው በ1791፣ ጆንሰን ካረፈ ከሰባት ዓመት በኋላ ነው፤ ባለታሪኩ መጽሐፉን አላየውም። እኔ የምጽፍላቸው ሰዎች ግን ያነቡታል፤ ሳይጠየቁ በታሪኩ የገቡት እኅትም፣ ጎረቤትም፣ የቀድሞ ባለቤትም ያነቡታል። አዛውንቱ ስለራሳቸው ሊፈቅዱልኝ ይችላሉ፤ የእኅታቸውን ምሥጢር የመስጠት መብት ግን ለእርሳቸውም ለእኔም የለንም ብዬ አምናለሁ።

ከረቂቁ ሰረዝኩት። ምዕራፉ አሁን በድንገት ሁለት ዓመት ይዘላል። ክፍተቱን ያስተዋለ አንድ አንባቢ ምን እንደጎደለ ሲጠይቀኝ፣ እንድተወው የተለመንኩት ነገር እንዳለ ብቻ ነገርኩት።