«ክፍት ቦታ» ብላችሁ አትጻፉ

ሜዳችን በቆርቆሮ ታጥሮ ያየሁት ቅዳሜ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወጣ ነው። ልጆቹ ኳሳቸውን ይዘው ከአጥሩ ውጪ ቆመዋል። ጥበቃውን ስጠይቀው «ለወጣቶች መሥሪያ ሼድ ሊሠራበት ነው» አለኝ። ለነዋሪው የነገረ የለም።

የምኖረው አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም ነው። ደመራ የምንደምረው፣ የሐዘን ድንኳን የምንተክለው፣ ልጆቻችን የሚሯሯጡት እዚያች ሜዳ ላይ ነው። ሌላ የለንም። አራተኛ ፎቅ ላይ ሰው ሲሞት ለቀስተኛው የት ይቀመጥ?

ኮሚቴ አቋቋምን። በቴሌግራም ተጠራራን። ቤት ለቤት ዞረን በሁለት ሳምንት ከ400 በላይ ፊርማ ሰበሰብን። እስከዚህ ድረስ ቀላል ነበር።

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጥፋቱም የእኔ ነው። «በግቢያችን መሃል የሚገኘው ክፍት ቦታ ለግንባታ እንዳይሰጥብን» ብዬ ጀመርኩ። ቢሮ ይዤው ስሄድ ኃላፊው አነበበና እስክሪብቶውን «ክፍት ቦታ» የሚለው ላይ አሳረፈ። «ይኸው፣ ራሳችሁ ክፍት ነው ብላችኋል። ክፍት ቦታ ለልማት ይውላል» አለኝ። መልስ አጣሁ። እኔ ሰው የሚሰበሰብበት፣ አየር የሚገባበት ማለቴ ነበር። እሱ የሰማው ባለቤት የሌለው መሬት ነው።

በፕላኑ ላይ ግን ቦታው አረንጓዴ ተቀብቷል። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። የከተሞቻችን ፕላን መርህ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ነው። ሜዳችን ከግንባታ የተረፈ መሬት አይደለም፣ ተቆጥሮ የተቀመጠ ድርሻ ነው። ደብዳቤዬ ውስጥ ስለዚህ አንድ ቃል አልነበረም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ቀጥሎ መጣ። ኃላፊው «ተዉልኝ፣ እኔ አየዋለሁ» ሲለኝ ፊርማውን በሙሉ ሰጥቼው ወጣሁ። ኦሪጅናሉን። ኮፒ አላስቀረሁም። መዝገብ ቤት ገብቼ የገቢ ቁጥር አላስወጣሁም። አነጋገሩ ትሁት ስለነበር አመንኩት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስሄድ «እንዲህ ያለ ማመልከቻ አልደረሰንም» ተባልኩ። ያው ሰው፣ ያው ወንበር ላይ ተቀምጦ። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል።

እዚያ ወረቀት ላይ የአንዲት አሮጊት ጎረቤታችን የጣት አሻራ ነበረበት። እግራቸውን ያማቸዋል። የደረጃውን ብረት ይዘው ቀስ እያሉ ወርደው ነበር የፈረሙት። «ልጄ፣ ይሳካል ብለህ ነው?» ሲሉኝ «ይሳካል ማዘር» ብያቸዋለሁ። አሁን ተመልሼ በራቸውን ማንኳኳት ነበረብኝ። «የፊቱን ምን አደረግከው?» አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና ጣታቸውን ዘረጉልኝ። ከዚያን ቀን የበለጠ ያፈርኩበት ቀን የለም።

ሁለተኛውን ደብዳቤ በእድሩ ስም ጻፍን። እድሩ ማህተም አለው። ቢሮ ውስጥ ያለ ማህተም የሄደ ሰው «እናንተ ማን ናችሁ?» ይባላል። «ክፍት ቦታ» የሚለውን አውጥተን «በፕላን ለአረንጓዴና ለጋራ አገልግሎት የተያዘ የሕፃናት መጫወቻ» አልን። ከሕገ መንግሥቱ አቤቱታ የማቅረብ መብትን የሚሰጠውን አንቀጽ 30ን፣ ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባችንን እንድንጠየቅ የሚለውን አንቀጽ 43ን ጠቀስን።

«ተዋረድ ጠብቁ፣ ከወረዳ ጀምሩ» ይሏችኋል። አትስሟቸው። እናንተ ደረጃ በደረጃ ስትወጡ መሠረቱ ተቆፍሮ ኮንክሪት ይሞላል። እኛ በአንድ ቀን ለወረዳው፣ ለክፍለ ከተማው፣ ለፕላን መሥሪያ ቤቱና ለእንባ ጠባቂ በግልባጭ አስገባን። በየቦታው በእጃችን ባለው ኮፒ ላይ ማህተም፣ ቁጥርና ቀን አስመታን። ያ ኮፒ ከ400 ፊርማ በላይ ሠርቶልናል።

ለሜዳችሁ ስም ስጡትም እላለሁ። በ2012 በኮሮና ምክንያት የአትክልት ተራ ገበያ ጃንሜዳ ሲገባ፣ ለጥምቀት ይመለስ ብሎ የጠየቀው ሕዝብ ብዙ ነበር። ለ2013 ጥምቀትም ደረሰ። ጃንሜዳን የማያውቀው የለም። የእኛን ሜዳ ግን ከእኛ ሌላ የሚያውቀው የለም፤ ወረቀት ላይ ስም ካላገኘ ባዶ መሬት ነው።

አንድ ጸጸት ልጨምር። ሼዱ የተሰጣቸውን ወጣቶች ቀድሜ ማነጋገር ነበረብኝ። ሁለቱ የግቢያችን ልጆች ናቸው፣ ሥራ ያስፈልጋቸዋል። እኔ ግን አጥሩን ብቻ አይቼ እንደ ጠላት ቆጠርኳቸው። ዘግይተን ስንቀመጥ እነሱም ደንበኛ የሚያልፍበት አስፋልት ዳር ይሻለን ነበር አሉ። ሌላ ቦታ እንዲሰጣቸው አብረውን ፈረሙ።

ቆርቆሮው ተነሳ። የታችኛው ጥግ ግን አልተመለሰም። ደብዳቤያችን ጠፍቶ እኔ መልስ ስጠብቅ በከረምኩባቸው ሦስት ሳምንታት ኮንክሪት ፈስሶበታል፤ የሚያፈርሰውም አልተገኘ። ልጆቹ አሁን ኮርና የሚመቱት የኮንክሪቱ ጠርዝ ላይ ቆመው ነው።